ዋና የማይችሉ የባሕር ሰዎች

የጥንቶቹ የግሪንላንድ አዳኞች አብዛኞቹ ዋና አይችሉም ነበር።

መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከባሕር የሚበሉ፣ ከባሕር የሚለብሱ፣ ልጅነታቸውም ሽምግልናቸውም ውሃ ላይ ያለቀ ሰዎች እንዴት ዋና አይችሉም? ቆም ብለው ሲያስቡት ግን ነገሩ ግልጽ ነው። በረዶ በሚንሳፈፍበት ውሃ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቹ አይታዘዙትም፤ ከዚያ ክንዱ። ዳርቻው ደግሞ ሩቅ ነው። እዚያ ውሃ ውስጥ ዋና የሚችለውም የማይችለውም ዕጣቸው አንድ ነው። ስለዚህ ኢኑይቶቹ፣ የግሪንላንድ ነባር ሕዝብ፣ የተማሩት ሌላ ነገር ነው፤ ከጀልባው አለመውጣት። ካያክ የሚባለው ጠባብ ጀልባቸው ሲገለበጥ አብረውት ይገለበጣሉ፤ አብረውት ይነሳሉ።

ይህ ነገር ለምን እንደያዘኝ ላስረዳ። እኔ ደገኛ ነኝ። እኛ ቤት ውሃ ይቀዳል እንጂ አይገባበትም። ወንዝ ማለት ክረምት ሲገባ ከብት የሚወስድ፣ አንዳንዴም ሰው የሚወስድ ነገር ነው። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ከዚያ ኑሮ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ አመጣኝ። በአንድ በኩል ፒውጀት ሳውንድ፣ በሌላ በኩል ሌክ ዋሽንግተን፤ ከተማዋ መሀል ላይ ናት። የእኛ ሰው ግን ውሃውን የሚያየው ተንሳፋፊውን ድልድይ በመኪና ሲያቋርጥ ነው። እሱንም የትራፊኩን መጨናነቅ እየረገመ።

ዋና የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ በሰፈራችን የሕዝብ መዋኛ ገንዳ፣ ወገቤ ላይ ከማይደርሱ ልጆች ጋር። ያንኑ ገንዳ በክረምት አንዳንድ ማታ ካያክ ቀዛፊዎች ይከራዩታል። አንድ ማታ ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል፣ ጠባብና ረጅም ጀልባ ውስጥ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሆን ብለው ተገለበጡ። ከላይ የጀልባው ሆድ ብቻ ቀረ። እኔም ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ አንድ ቀጭን መቅዘፊያ ያለምንም ጥድፊያ በውሃው ገጽ ላይ ተንሸራተተ። ደረታቸው ወጣ፤ ትከሻቸው ወጣ፤ መጨረሻ ላይ ራሳቸው። ከመቀመጫው ኋላ ባለው የጀልባው ጀርባ ላይ ተንጋልለው ጣሪያውን እያዩ ፈገግ አሉ። መፍጨርጨር የሚባል ነገር አላየሁም። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው። የጥንቶቹ አዳኞች ዋና እንደማይችሉ የነገሩኝ ያን ማታ ነው። በኋላ መምህሬ ሆኑ።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ገንዘብ ከፍለሽ ነው የምትገለበጪው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ተዘቅዝቀሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ እመቤቴ ትጠብቅሽ።» ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

የግሪንላንድ ካያክ የሚለካው በባለቤቱ ገላ ነው። ልኩ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ የተለመደው ግን እንዲህ ነው። ርዝመቱ ግራና ቀኝ የተዘረጉ እጆች ሦስት እጥፍ ገደማ። ወርዱ የዳሌ ስፋትና ሁለት ጭብጥ። ጭኑ ላይ የሚያልፈው ቅስት እንጨትም ጉልበትን ከስር አጥብቆ እንዲይዝ ሆኖ ይሠራል። ሱቅ ገብቶ «ሚዲየም ስጡኝ» የለም። የወንድምህን ካያክ ተውሰህ ብትገባ ወይ ይጠብሃል ወይ ይሰፋሃል። በክንድና በስንዝር ሲለካ እያየ ላደገ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ግሪንላንድ ላይ ለጀልባ የሚሆን ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። እንጨቱን የሚያመጣላቸው ባሕሩ ነው። በሳይቤሪያ ወንዞች ተጠርጎ ውቅያኖስ የገባ ግንድ ከበረዶው ጋር ሲጓዝ ይከርምና ዳርቻ ላይ ይጣላል። እሱን ለቅመው ይጠርባሉ፤ ጎድኖቹን ያጎብጣሉ፤ ከዚያ በጅማትና በጠፍር ያስሩታል። የታሰረ እንጨት ምስማር እንደተመታበት እንጨት ግትር አይደለም። ሞገድ ሲመታው ትንሽ ይለጠጣል፤ ይመለሳል። ከላይ የአቆስጣ፣ በእንግሊዝኛ ሲል (seal) የሚባለው የባሕር እንስሳ፣ ቆዳ ይለብሳል። አቆስጣን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከኦሪት ዘጸአት ነው፤ ለማደሪያው ድንኳን አምጡ ከተባሉት ነገሮች አንዱ ቁርበቱ ነበር። እዚያ አገር ደግሞ ሥጋው ምግብ ነው፣ ስቡ መብራት ነው፣ ቆዳው ልብስም ጀልባም ነው።

ቆዳውን የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። መርፌው ቆዳውን ዘልቆ አይወጣም፤ ግማሽ ውፍረቱ ድረስ ገብቶ ይመለሳል። ቀዳዳ ከሌለ ውሃ የሚገባበት የለም። ስለ አዳኞቹ ጀግንነት ሲወራ ብዙ እሰማለሁ፤ ስለዚህ ስፌት ግን ያን ያህል አይወራም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየውን ባሕር ላይ በሕይወት ካቆየው ነገር ግማሹ ቤት የቀረችው ሴት መርፌ ነው።

ስፌቱ በደንብ የሚታወቀው ልብሱ ላይ ነው። ቱይሊክ ይሉታል። ኮፍያውና ልብሱ አንድ ወጥ ነው። ፊት ዙሪያና እጅ አንጓ ላይ ጥብቅ ብሎ ይታሰራል። የታችኛው ጠርዙ ደግሞ ሰው በሚገባበት ቀዳዳ ክፈፍ ላይ ይጠለቃል። ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ አይቀርም። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳል። ታንኳ ላይ ሰው የሚቀመጠው ከላይ ነው፤ ከተገለበጠ ሰውና ታንኳ ይለያያሉ። ካያክን ግን ሰው ይለብሰዋል። የዛሬው ቱይሊክ ኒዮፕሪን ከሚባል ላስቲክ ይሠራል፤ የእኔም እንደዚያው ነው። ውስጡ የሚቀረው አየር ደረትን ያንሳፍፋል፤ ሰፊ ስለሆነም ወገብን እንደልብ ያዟዙራል። መልኩ ላይ አስተያየት አልሰጥም። ባለቤቴ ለብሼው ሲያየኝ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ ሁሉ ላከ።

ከሁሉ በፊት የሠራሁት መቅዘፊያ ነው። መምህሬ «ጀልባ ከመግዛትሽ በፊት መቅዘፊያ ጥረቢ» አሉኝ። ልኩ አሁንም ከገላ ይወሰዳል፤ የተዘረጉ እጆች ስፋት ሲደመር አንድ ክንድ። ለአብዛኛው ሰው ከሁለት ሜትር ትንሽ ያልፋል። ምላጩ አንድ እጅ ሊጨብጠው ከሚችለው አይሰፋም፤ ስምንት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሰፊውን የሱቅ መቅዘፊያ የለመደ ሰው ሲያየው «ይሄማ ዱላ ነው» ይላል። ግን ጠባብነቱ በምክንያት ነው። ነፋስ አይይዘውም። ትከሻ አያደክምም። በችግር ጊዜ ደግሞ እጅን እስከ ጫፉ አንሸራትቶ በሙሉ ርዝመቱ መጠቀም ይቻላል። ምላጩ ስለሚጨበጥ ነው ይህ የሚሆነው።

የሲያትል አካባቢ ቀይ ሴዳር ለዚህ የተፈጠረ እንጨት ነው፤ ቀላል ነው፣ መላጊያ ሲያልፍበት እንደ ልብ ይገፈፋል። ጋራዡ ለሳምንታት በፍቅፋቂ ተሞላ። ጠርቤ ስጨርስ የሚቀባውን ዘይት ገዛሁ። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ሳነብ ሳቅ አመለጠኝ፤ የተልባ ዘይት ነው። ለጾም የምንጠጣውን ተልባ እዚህ እንጨት ይጠጣዋል።

ወደ ውሃው ልመለስ። ሰው ሁሉ መገልበጥና መነሳት ነው የሚጓጓው። ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ከመተኛት ነው። ካያኩን በጎኑ ታዘነብይውና አንቺ ከጎኑ ውሃው ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ። ሁለቱም ትከሻ ውሃ ላይ፣ ጀርባ ዝርግ፣ ፊት ወደ ሰማይ፣ ራስ ወደ ኋላ። በትክክል ከተሠራ ያለምንም ቅዘፋ እዚያው ትንሳፈፊያለሽ። ማረፊያ ነው እንጂ ትርዒት አይደለም፤ አዳኙ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ነው።

ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ አንድ ነገር ነው። ጆሮዬን ውሃ ውስጥ ማስገባት።

ሰውነቴ ሁሉ እሺ ብሎ አንገቴ እምቢ ይላል። ጆሮ ውሃ ሲነካው የልጅነት ፍርሃት ሁሉ ይነሳል። ራሴን ቀና ሳደርግ ደግሞ ወዲያው እሰምጣለሁ። ምክንያቱ የፊዚክስ ነው። የሰው ራስ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ውሃው ይሸከመዋል። ካወጣሽው ግን እሱን የሚሸከም ሌላ ነገር መኖር አለበት፤ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ለመተንፈስ ብሎ ራሱን የሚያነሳ ሰው ትንፋሹን ራሱ ነው የሚዘጋው። መምህሬ አንገቴን በእጃቸው ደግፈው «ራስሽን ለውሃው ስጪው፤ አይበላውም» ይሉኝ ነበር። ማመን ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ቀን ግን ጆሮዬ ገባ፤ ድምፅ ሁሉ ጠፋ፤ ቆየሁ። የገንዳውን መብራት እያየሁ እስክጠግብ ተኛሁ። ያን ቀን ሌላ ምንም አልተማርኩም፤ መማርም አልፈለግሁም።

ከዚያ በኋላ መነሳቱ የዚያው ቅጥያ ነው። ተገልብጠሽ በሌላው ጎን ትመጫለሽ። መቅዘፊያው የውሃውን ገጽ እየላሰ ሲያልፍ ያንን የተኛ ሰውነት ትንሽ ያነሳዋል። በተኛሽበት ወገን ያለው ጉልበትሽ ቅስቱን እንጨት ወደ ላይ ሲገፋ ጀልባው ከስርሽ ይዞራል። ሰውነትሽ ውሃው ተሸክሞት ስላለ ጀልባውን ማዞር ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ራስ መጨረሻ ነው የሚወጣው። ጡንቻ ያላቸው ጎረምሶች እዚህ ጋ ሲቸገሩ አይቻለሁ። ይጎትታሉ፤ መቅዘፊያው ይሰምጣል፤ እነሱም ይከተሉታል። በዚህ ሙያ ሴቶችና ሽማግሌዎች ቶሎ ሲገባቸው ማየት ደስ ይላል፤ ይህን ስጽፍ አድልዎ እንዳለብኝ አልክድም።

አሁን ወደምወደው ነገር መጣሁ። ግሪንላንድ ውስጥ በየዓመቱ ብሔራዊ የካያክ ውድድር አለ። በሩጫው፣ ጦር በመወርወሩና በመገልበጡ ይወዳደራሉ። የአገለባበጡ ዓይነት ብቻ ከ30 በላይ ነው፤ እያንዳንዱ በግራም በቀኝም ይሠራል። መጀመሪያ ሲያዩት የሰርከስ ጨዋታ ይመስላል። አንዱ መቅዘፊያውን በክንዱ ማጠፊያ ይዞ ይነሳል። አንዱ መቅዘፊያውን ከአንገቱ ኋላ አድርጎ ይነሳል። አንዷ መቅዘፊያ ሳትይዝ ኖርሳቅ በሚባለው አጭር የጦር መወርወሪያ ሰሌዳ ትነሳለች። አንዱ በባዶ እጁ። ከሁሉም የከፋው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በገላው ብቻ የሚነሳው ነው።

ግን ጨዋታ አልነበረም። አደኑን አስቡት። ሰውየው ባለ ገመድ ጦሩን ይወረውራል። የገመዱ ሌላኛ ጫፍ ከአቆስጣ ቆዳ የተሠራና በትንፋሽ የተነፋ ተንሳፋፊ ላይ ታስሯል። ተንሳፋፊው እንስሳውን እንዲያደክመው ነው። ገመዱ በሰላም ከሄደ ሄደ። እጅ ላይ ከተጠመጠመ ግን የተወጋ እንስሳ ሰውየውን ከነጀልባው ይገለብጠዋል። አንድ እጅ ታስሮ መነሳት፣ መቅዘፊያ ጠፍቶ መነሳት፣ ወደ ፊት ተደፍቶ መነሳት፤ ሁሉም እንዲህ ያለ ቀን የሚፈልገው ነው። ዝርዝሩን እንደ አደጋ መዝገብ ነው የማነበው። መጽሐፍ ስላልነበራቸው በገላቸው መዘገቡት። ልጆችን ደግሞ ገና ውሃ ሳይገቡ ሁለት ምሰሶ መሀል በተወጠረ ገመድ ላይ እንዲገለባበጡ ያለማምዷቸው ነበር። ይህም ዛሬ የውድድሩ አካል ነው። እኔ ሞክሬው ሆዴን ለብዙ ቀን አመመኝ፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ፍርሃት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ አንድ ነገር አለ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ግሪንላንድ የነበሩ የዴንማርክ ሐኪሞች በአዳኞች ላይ የሚመጣ እንግዳ ሕመም መዝግበዋል። ልምድ ያለው አዳኝ ብቻውን ባሕር ላይ ነው። ነፋስ የለም፣ ሞገድ የለም፣ ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል። ድንገት ዓይኑ ይዞርበታል። ጀልባው ውሃ እየሞላ ይመስለዋል፤ ወገቡ ሲቀዘቅዝ ይሰማዋል፤ እጁን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲያ ካያክ ላይ መውጣት ትተዋል። በማዕበል አይደለም። በጸጥታ ነው። ምድሩን ከሰማዩ የሚለይ መስመር ሲጠፋ አእምሮ የሚይዘው ያጣል። ይህን ሳነብ የእኛ ሽማግሎች ስለ ውሃ ማሳሳቅ የሚሉት ትዝ አለኝ። እኔ ራሴ በሞገድ ቀን እጠነቀቃለሁ እንጂ አልፈራም። የሚያስፈራኝ ፀጥ ያለው ጠዋት ነው፤ ሰው ልቡን ጥሎ ብቻውን የሚወጣበት።

ብቻ መውጣት ሊቁንም ይበላል። ጂኖ ዋትኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1930 እና 31 ምሥራቅ ግሪንላንድ ላይ ከነዋሪዎቹ ካያክ ተምሮ ነበር። መገልበጥም መነሳትም ጎበዝ ነበር ይባላል። በነሐሴ 1932 ብቻውን አቆስጣ ሊያድን ወጣ። ጓደኞቹ ካያኩን ባዶውን ተንሳፍፎ አገኙት። ሬሳው አልተገኘም። ዕድሜው 25 ነበር።

አውሮፓና ካያክ ደግሞ የቆየ ታሪክ አላቸው፤ ደስ የሚል አይደለም። በ1605 የዴንማርክ መርከቦች ከግሪንላንድ ሰዎችን ከነካያካቸው ይዘው ኮፐንሃገን ገቡ። ተማርከው ነው እንጂ ተጋብዘው አልነበረም። ከዚያም ወዲህ የተወሰዱ ካያኮች የየቤተ መዘክሩ ጣሪያ ላይ ተሰቀሉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ባለ ሞተር ጀልባ ሲመጣ በራሷ በግሪንላንድም አብዛኛው ቦታ ካያክ ተረሳ። የቀረው በሰሜን ነው፤ ቃናቅ አካባቢ ናርዋል የተባለውን ባለ ረጅም ጥርስ ዓሣ ነባሪ ዛሬም ከካያክ በጦር ያድኑታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ከኔዘርላንድስ የመጡ ጥንታዊ ካያኮች ኑክ ከተማ ለዕይታ ቀረቡ። ወጣቶቹ የአያቶቻቸውን ሥራ በውሰት አዩት። ተቆጩ መሰለኝ። ማኅበር አቋቋሙ፤ በሕይወት የነበሩትን ሽማግሎች ፈልገው ጠየቁ፤ እንደገና መሥራትና መቅዘፍ ጀመሩ። ቃናት ካቱፊአት የሚባለው አገር አቀፍ ማኅበር የተወለደው በዚያው አሥርት ዓመት ነው። በ1998 ማሊጊያክ ፓዲላ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ብሔራዊ ውድድሩን አሸነፈ። በኋላም አሜሪካ ድረስ እየመጣ አስተምሯል።

ለዚህ ነው «የሰው ባህል ላይ ምን አገባሽ?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር የሆነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለቤቶቹ ግን በራቸውን ከፍተዋል፤ ውድድራቸው ላይ የውጭ ሰው ይቀበላሉ፤ አሜሪካ ውስጥም ቅርንጫፍ ማኅበር አላቸው። የሚጠበቅብን ከማን እንደተማርን ማወቅና ስሙን በስማቸው መጥራት ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንድ አውሮፓዊ ይህን አገለባበጥ ሲችለው ስሙ ይለጠፍበታል። ስለ ግሪንላንዳውያን ከተጻፈው አንብቦ የተማረው መላ ዛሬም በብዙ ክለብ በአንድ ኦስትሪያዊ ስም ይጠራል፤ ሰውየው በ1927 ችሎታል፤ ጎበዝ። ከእሱ በፊት የቻሉትን ማን ይቁጠራቸው?

እኛ አካባቢ በበጋ መጀመሪያ ላይ ሁድ ካናል የሚባለው የባሕር ክንድ ዳር የሚሰበሰብ ሰው አለ። እዚያ ትዋኖ ፓርክ ያለው ውሃ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ በዋሽንግተን ስቴት ካሉት የጨው ውሃዎች ሞቅ ካሉት አንዱ ነው። የእንጨት ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው፣ ሁሉም የሠራውን ጀልባ ይዞ ይመጣል። ማንም የማንንም ጀልባ አይገባም፤ ልኩ አይሆንማ። ሲያዩት ግን ይገለባብጡታል፣ ማሰሪያውን ይነካካሉ፣ «ይሄን እንዴት አሰርሽው?» ይላሉ። አንድ ዓመት ዳቦ ቆሎ ይዤ ሄድኩ። ከቱይሊኬ በላይ እሱ ዝና አተረፈልኝ።

ልሞክረው ለምትሉ ጥቂት ነገር ልበል። የፒውጀት ሳውንድ ውሃ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በነሐሴ ፀሐይ እንዳትታለሉ። ልብስ የሚመረጠው ለውሃው እንጂ ለአየሩ አይደለም። የጥንቶቹ ዋና አይችሉም ነበር ብዬ ስለጀመርኩ እናንተም ተዉት ማለቴ አይደለም። እነሱ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም፤ እናንተ አላችሁ። ዋና ተማሩ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ልበሱ፣ ብቻችሁን አትውጡ። መጀመሪያ ሞቃት ገንዳ ውስጥ፣ ከሚችል ሰው ጋር። የአፍንጫ መቆንጠጫ ግዙ፤ ርካሽ ነው፤ ግማሹን ድንጋጤ ያጠፋል። ውድ ጀልባ ለመግዛት አትቸኩሉ። አንድ የሴዳር ጣውላና አንድ መላጊያ ይበቃል ለመጀመር።

እኔ ጋራዡ ውስጥ የራሴን ካያክ አጽም ጀምሬያለሁ። ሽፋኑ ናይለን ነው የሚሆነው፤ ሲያልቅ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ብዬ አስባለሁ። ባለቤቴ መኪናው መቼ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ በየሳምንቱ ይጠይቃል። ጎድኖቹ ገና አልጎበጡም።